ተበድያለሁ፤ ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በልጅነቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባወጣው በሰሎሞን ዘመቻ ነው እስራኤል የገባሁት። በየሹዋ (በኢየሱስ) አምናለሁ። ሥራ ቦታ ከኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አለቆቼ ሆኑ። በቆዳዬ ቀለም እንደሆነ አውቃለሁ። ወላጆቻችን የለገሱትን ደም እንኳ ደፍተውታል። የጀመርኩትን ኮርስ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት። ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ባለቤቴ «ሁሉን ነገር በነሱ አታሳብ» ትለኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል፤ የደረሰብህ በደልና የራስህ ድርሻ።

የደሙ ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኛ ሰዎች የተለገሰው ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲታወቅ ሕዝባችን በብዙ ሺህ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኋል። «አማኝ ከሆንክ ዝም በል» የሚልህ ካለ አትስማው። መሲሑ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። ጳውሎስም ፊልጵስዩስ ላይ ሳይፈረድበት ከተገረፈ በኋላ በስውር ውጣ ቢባል እምቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ።

ሁለተኛውን ሕዝቅኤል 18 ላይ ታገኘዋለህ። ባቢሎን የነበሩት ምርኮኞች «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» ይሉ ነበር። ውሸት ብቻ አልነበረም። ኢየሩሳሌምን የጣላት በነሱ ዘመን የተሠራ ኃጢአት ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ግን ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱ አላቸው። አባቶቻቸው ንጹሕ ናቸው ብሎ አይደለም። ተረቱ ዛሬ ማድረግ ያለባቸውን ነገር መሸሸጊያ ሆኖላቸው ስለነበር ነው። «አዲስ ልብና አዲስ መንፈስ ለእናንተ አድርጉ» ብሎ ያዛቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ እንዴት አድርጌ ልቤን ልለውጥ? ወደ ምዕራፍ 36 ተሻገር። ያው እግዚአብሔር «አዲስ ልብ እሰጣችኋለሁ» ይላል። ሁለቱም ቃል የሱ ነው። እኛ በየሹዋ የምናምን ሰዎች ስጦታው መጥቷል እንላለን። እንግዲያው ትእዛዙን «አልችልም» ብለን የምንመልስበት ምክንያት አጥተናል። ልቡ ተሰጥቶህ ኮርሱን አለቃህ አስተወኝ ማለት አይሆንም። ኮርሱን የተውከው አንተ ነህ።

የሥራውን በደል በደል በለው፤ በማስረጃ ያዘው። እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የእስራኤል የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ የሥራ ዕድገትንም ይጨምራል፣ የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽኑም አቤቱታ ይቀበላል። ብትረታም ባትረታም መጠየቅህ ኃጢአት አይደለም። በዘር ተበደልኩ ማለት ደግሞ ለሁሉም ነገር መልስ አይሆንም፤ አንዳንዴ ሌላው ሰው በሥራ በልጦን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግርህ ታማኝ የሥራ ባልደረባ ፈልግና ጠይቅ።

የልጆችህ ጉዳይ ግን የማንም ኮሚሽን አይደለም። ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ባለቤትህም ትስማህ። ነገ ጠዋት ደውልና የኮርሱ ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት እወቅ።