የልጅ ልጅዎ ማኩረፉ ተገቢ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄ ጋር ነው። እሷ ሥራ ስትውል የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ልጁ ስፖንጅቦብ የሚባለውን ቢጫ ካርቱን እንደ ነፍሱ ይወዳል። እንግሊዝኛው ብዙም ባይገባኝም ሥዕሉን እያየሁ አብሬው እስቃለሁ። ሰሞኑን ባየነው ክፍል ግን ስፖንጅቦብ ለቀንድ አውጣው ለጌሪ ጓደኛ ይሆነዋል ብሎ ያመጣው እንስሳ አውሬ ሆኖ ጌሪን ሲያሳድደው ዋለ። ስፖንጅቦብ ቤት ሲመለስ የተቆጣው ጌሪን ነው! ልጁ «ጌሪ ምን አደረገ?» ብሎ ጮኸ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ አኮረፈ፤ እራቱንም በግድ ነው የበላው። እናቱ «ካርቱን እኮ ነው» ብላ ሳቀችበት። ፕሮግራሙን ልከልክለው ወይስ ልተወው?

አያት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እማማ፣ ልጁ ትክክል ነው። እናቱን መሳቋን እንድትተው ይንገሩልኝ። ካርቱን መሆኑንማ እሱም አሳምሮ ያውቃል። ባሕር ውስጥ እሳት ሲነድ፣ ቀንድ አውጣ እንደ ድመት «ሚያው» ሲል፣ ስፖንጅ ሱሪና ከረባት አድርጎ ሥራ ሲገባ አንድም ቀን «እንዴት ይሆናል?» ብሎ አልጠየቀዎትም። አሁን የጠየቀው የፍርድ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ግን አላገኘም።

ያያችሁት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ የሰባተኛው ምዕራፍ ሥራ ነው። አነሳሱ ደግ ነበር። ስፖንጅቦብ ሥራ ሲሄድ ጌሪ ብቻውን እንዳይከፋው ያስብና ፑፊ ፍላፊ የምትባል ለስላሳ ፍጥረት ይዞ ይመጣል። ጌታዋ ፊት የዋህ ናት፤ ዞር ሲል ጥርሷን ታወጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለው መባረርና መደብደብ ነው፤ ወቀሳው ደግሞ ተመልሶ በተደብዳቢው ላይ ይወድቃል። ከእህቴ ልጆች ጋር ሳየው ትልቋ መሃል ላይ «ውሃ ልጠጣ» ብላ ወጥታ በዚያው ቀረች። እኔም ብወጣ ደስ ባለኝ።

ጀግና ቢሳሳት ግድ የለኝም። ይኸው ስፖንጅቦብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዚህ የከፋ በደል ሠርቷል። በላስቲክ ክር የታሰረች ኳስ ያለማቋረጥ በእንጨት የመምታት ውድድር ይገባና ጌሪን ማብላት ይረሳል። ጌሪ ደጋግሞ ይለምናል፤ ሰሚ ሲያጣ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። በረሃብ መተው እኮ ነው፣ እማማ! ግን ያ ክፍል ማን እንደተበደለ ያውቃል። ስፖንጅቦብ ባዶውን ቤት ሲያይ ልቡ ይሰበራል፤ በከተማው ሁሉ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ «ጌሪ፣ ወደ ቤት ተመለስ» እያለ ይዘፍናል። የ2010ሩ ግን ጌሪ በተሠቃየ ቁጥር ሳቅ ይጠብቅብናል። ልጁን ያስኮረፈው ይህ ይመስለኛል፦ ስፖንጅቦብ ቢያጠፋም ታሪኩ ራሱ ለጌሪ አለመቆሙ።

አንዳንድ ተመልካቾች ነገሩን ከኃላፊ መለወጥ ጋር ያያይዙታል። ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ስቴፈን ሂለንበርግ ቀድሞ በካሊፎርኒያ ስለ ባሕር እንስሳትና ዕፅዋት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የስፖንጅቦብ ፊልም ከወጣ በኋላ የዕለት ተዕለት አመራሩን ለፖል ቲቢት አስረከበ። ክሱ ግን ውሃ አይቋጥርም፤ የሚያስለቅሰው የ2005 ክፍልም የተሠራው በቲቢት ጊዜ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው። አብዛኞቹ ክፍሎች ዐሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ የ2005ቱ የዚያ እጥፍ ተሰጥቶታል። ጸጸት ጊዜ ይወስዳል፤ አባሮሽ ግን የተሰጠውን ደቂቃ ሁሉ ይበላል። ቢሆንም ሰበብ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በዚያችው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሳቁም ፍቅሩም ይገባ ነበር።

በነገራችን ላይ የስፖንጅቦብን ድምፅም የጌሪን «ሚያው»ም የሚሠራው አንድ ሰው፣ ቶም ኬኒ ነው። የሚቆጣውም ቁጣው የሚወርድበትም እሱው ራሱ ነው ማለት ነው። ለልጁ ይንገሩት፤ ኩርፊያውን ያቀልለታል።

ለመከልከል ካሰቡ አንድ ሰው የ2011ዱን ጥናት ማንሳቱ አይቀርም። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስድሳ የአራት ዓመት ልጆችን ፈትነው፣ ስፖንጅቦብን ለዘጠኝ ደቂቃ ያዩት ወዲያው በተሰጣቸው የትኩረት ፈተና ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ያ ስለ ትንንሽ ልጆችና ስለ ትዕይንቱ ፍጥነት ነው፤ የእርስዎ ልጅ ስድስት ሞልቶታል፣ ጉዳዩም ሌላ ነው።

ስለዚህ አይከልክሉት። የ2005ቱን ክፍል ፈልጋችሁ አብራችሁ እዩ፤ ሊያለቅስ ይችላልና አጠገቡ ይሁኑ። የ2010ሩ መጨረሻ እንዴት መሆን እንደነበረበት ደግሞ እሱ ራሱ በአማርኛ ይንገርዎት፤ ስፖንጅቦብ ምን ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፣ ፑፊ ፍላፊስ ወዴት ትሂድ? እናቱም ቁጭ ብላ ትስማ። ያ ክፍል ዳግመኛ ከመጣ ጣቢያውን ይቀይሩት፤ በዚህ አልከራከርዎትም።