የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጨው፣ የደረቀ ሴሉሎስና ውሃ

ከሸንኮራ አገዳ ቅሪት የሴሉሎስ ናኖፋይበር (በናኖሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው እጅግ ቀጭን የእጽዋት ቃጫ) ያዘጋጁ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናሙናቸው ከደረቀ በኋላ በውሃ አልበተን እንዳላቸው ጽፈው፣ ጨው መፍትሔ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ሊሆን ይችላል። ውሃው ሲተን ቃጫዎቹ ይቀራረቡና በገጻቸው ያሉት የሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን) ቡድኖች በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዙ፣ ውሃ ተመልሶ ቢመጣም መግቢያ ያጣል፤ የወረቀት ባለሙያዎች ይህን ሴሉሎስ «ቀንድ ሆነ» ይሉታል። ከማድረቅ በፊት የተጨመረ ሶዲየም ክሎራይድ (ተራው ጨው) ግን በቃጫዎቹ መካከል ገብቶ ትስስሩን ያውካል፤ ውሃ ሲመለስም ሟሙቶ መንገድ ይከፍታል። በፈረንሳይ ግሮኖብል የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። ቃጫዎ ካርቦክሲል ቡድን (አሲዳዊ የአተሞች ቡድን) ያለው ከሆነ፣ አስቀድሞ ከአሲድ መልኩ ወደ ሶዲየም መልኩ ይለውጡት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ያው ጨው ውሃ ውስጥ ከቀረ ጠላት መሆኑን ነው። አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቃጫዎች የሚያራርቀው ኃይል በሊትር 0.001 ሞል ጨው ባለበት ውሃ ወደ 10 ናኖሜትር ሲደርስ፣ በ0.1 ሞል ወደ 1 ናኖሜትር ስለሚያጥር ቃጫዎቹ ይጓጉላሉ። ስለዚህ በዲያሊሲስ (ጨውን አሳልፎ ቃጫውን በሚያስቀር ስስ ሽፋን በማጣራት) ወይም በተደጋጋሚ አጠባ ጨውን አስወግደው፣ መውጣቱን ለማረጋገጥ የውሃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለኩ። ውሃው ስለደፈረሰ ብቻ «ተበተነ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ማንበብ ሰልችቶኛል። ፈጽሞ ካልደረቀ ናሙና ጋር በእኩል መጠን አነጻጽረው ዝልግልግነቱንና የዝቃጩን መጠን ያሳዩ።

የወጥ ቤት ጨው ይበቃ እንደሆነ ለጠየቁት፦ ለሙከራ ይሆናል፣ ለምርምር ጽሑፍ ግን አይሆንም።

በሶዲየም ፈንታ ካልሲየም ክሎራይድ ለመጠቀም ላሰቡት፦ ተዉት። ሁለት ሙል ያለው አዮን ካርቦክሲሎቹን እንደ ድልድይ ስለሚያያይዝ፣ የሚያገኙት ይበልጥ የጠነከረ ጄል ነው።

ማድረቁ ለምን አስፈለገ ያሉት አንባቢ፣ 2 በመቶ ቃጫ ያለው 100 ኪሎግራም ጄል 98 ኪሎግራም ውሃ መሆኑን አስበው የጭነቱን ዋጋ ያስሉት።

በደረቀው ዱቄት የቁስል መሸፈኛ ሠርተው በቤተሰብ ላይ ሊሞክሩ ያሰቡት ጸሐፊ ግን፣ ስለ ጨው መጠን ከመጠየቃቸው በፊት የንጽሕናና የመርዛማነት ፍተሻ የሚያደርግ ቤተ ሙከራና ሐኪም ያማክሩ፤ ይህን ሳያደርጉ ሌላ ጥያቄ ቢልኩልኝ አልመልስም።