«ለ3 ይካፈላል» ወይስ «በ3 ይካፈላል»?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ 123,456 ጽፌ «ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም» አልኩ። አንዷ ተማሪ «በ3 አይባልም ወይ?» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «ለ9ም ይካፈላል እኮ፣ ትንሽ ይተርፋል እንጂ» ብሎ ተከራከረኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መምህር፣ «ለ» ያሉት ልክ ነው። ማካፈል ተቀባይ ይፈልጋል። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ አብረው የነገዱ ሦስት ሰዎች ትርፉን «ለሦስት ተካፈሉት» ይባላል እንጂ «በሦስት ተካፈሉት» አይባልም። ሒሳቡም እንዲሁ ነው። 123,456 ለ3 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 41,152 ይደርሰዋል። የደረሰውን «ድርሻ» የምንለው ለዚህ ነው።

ልጅቷ ግን ዝም ብላ አላመጣችውም። «በ» የማባዛት ነው፦ «192 በ643 ሲባዛ 123,456 ይሆናል»። «ከፈለ» የሚለው ግስም «በ»ን ይቀበላል፦ «መጽሐፉ በሦስት ምዕራፍ ተከፍሏል»። ስለዚህ አይቆጧት፣ ልዩነቱን ብቻ ያሳዩአት።

የልጁ ክርክር ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። በዕለት ንግግር እውነቱን ነው፤ የሚተርፍ ቢኖርም ተካፈሉ እንላለን። ስለ ሙሉ ቁጥር ስናወራ ግን «ይካፈላል» ማለት ምንም አይተርፍም ማለት ነው። እኔ ብሆን ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ «ያለ ቀሪ ይካፈላል» እላለሁ። ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ምክንያቱንም ይንገሩት። 10 ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 100ም 1 ይተርፈዋል፣ 1,000ም እንዲሁ። 3,000 ከሆነ 3፣ 400 ከሆነ 4 ይተርፋል፤ ከእያንዳንዱ ቦታ የሚተርፈው አኃዙ ራሱ ነው። ለ3ም እንዲሁ ይሠራል። ስለዚህ አኃዞቹን መደመር ይበቃል፦ 1+2+3+4+5+6=21። 21 ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለ9 ሲካፈል ግን 3 ይተርፋል። 123,456ም ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው ያው 3 ነው።

ቁጥሩን በደንብ መርጠዋል። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ይገመሳል፣ ከዚያ 1,929 ላይ ይቆማል። 1,929 ደግሞ 3 በ643 ነው። 643 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው «ብቸኛ ቁጥር» ነው። 123,456 በጠቅላላው 28 አካፋዮች አሉት፣ 1ና ራሱ ተቆጥረው። እዚህ ላይ «አካፋይ»ና «ተካፋይ» እንዳይምታቱ፦ 3 አካፋይ ነው፣ 123,456 ተካፋይ።

በግዕዝ አኃዝም ይጻፉላቸው፦ ፲፪፼፴፬፻፶፮። እንደ እናንተው ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍት ቁጥር የሚጻፈው በዚህ መንገድ ነው። 12፣ 34፣ 56 እያለ በጥንድ በጥንድ ይሄዳል። ፼ እልፍ ነው፣ ማለትም 10,000፤ ፻ መቶ ነው። ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፣ 3,400ን «ሠላሳ አራት መቶ» አድርጎ ይጽፋል። በዛሬው አማርኛ ሲያነቡት ግን «መቶ ሃያ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ስድስት» ይሁን፤ በመሃል «እና» አይገባበትም።