ሙከራ ላይ ሆኜ ጡረታ ለምን ይቆረጥብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። በአንድ ዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ንብረት መዝጋቢ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ «60 የሥራ ቀን ሙከራ» ይላል፣ ደመወዜ 9,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ከግብር በቀር የተነካብኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ወር ግን «ጡረታ» ተብሎ 1,260 ብር ጎድሎ ጠበቀኝ። በዚያ ብር የቤት ኪራይ ልሞላ ነበር። የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ስጠይቅ «ያለፈውም ወር ተደምሮ ነው፣ ሕግ ነው» ብለው ሸኙኝ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ናት። ስድስት ወር ሞላት፣ እስካሁን «ሙከራ ላይ ነሽ» ነው የምትባለው፣ ለጡረታ ግን አምስት ሳንቲም ተቆርጦባት አያውቅም። ከሁለታችን የማን ነው ትክክል? ሙከራውን ሳላልፍ ብሰናበትስ ብሬ የት ይገባል?
ግራ የገባት፣ ከአቶቴ

መልስ፦ እህቴ፣ የኪራይ ብር ሲጎድል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ያሳሰበችኝ አንቺ ሳትሆኚ ጓደኛሽ ናት።

ከሂሳቡ እንጀምር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ከመቶ ይቆረጥበታል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 ከመቶ ይጨምርበታል። ከ9,000 ብር ያንቺ 630 ነው፣ የፋብሪካው 990። ስለዚህ በወር በስምሽ መግባት ያለበት 1,620 ብር ነው ማለት ነው። ፔሮሉ ላይ ጎልቶ የሚታይሽ የጎደለው 630 ስለሆነ 990ው ትዝ አይልሽም፣ እሱ እጅሽን ሳይነካ ነው የሚያልፈው። ከጓደኛሽ ደመወዝ ያልተቆረጠው 7 ከመቶ ትርፍ ይመስላታል እንጂ አብሮት 11 ከመቶው ቀርቶባታል።

«ሙከራ ላይ ያለ ሰው ጡረታ አይቆረጥበትም» የሚለውን ወሬ ሐዋሳ ብቻ ሳይሆን የትም ትሰሚዋለሽ። የመጣው ከ45 ቁጥር ይመስለኛል። በ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን አይበልጥም ነበር። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሰው ነበር የሚመለከተው። (ከዚያ በፊት እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆንሽ ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሻል ያለው ድርጅት ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል ቁጠባ ያጠራቅምልሽ ነበር፣ ሌላው ዝም።) ሁለቱ 45ቶች በሰው አፍ አንድ ሆኑና «ሙከራ እስኪያልቅ ጡረታ የለም» ተባለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የጡረታው 45 የሚጠይቀው ለስንት ጊዜ እንደተቀጠርሽ ነው፣ ፈተና ላይ መሆን አለመሆንሽን አይደለም። ያንቺ ቅጥር ቋሚ ነው፣ ሙከራው የቅጥሩ መጀመሪያ ነው እንጂ ለብቻው የቆመ ሌላ ቅጥር አይደለም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሙከራውን ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎታል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። ይኸው አዋጅ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን እንደጨረሰው ሠራተኛ መብትና ግዴታ አለው ይላል፤ ሕግ ወይም የድርጅቱ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ለይቶ ካላስቀረው በቀር። ሙከራው አልቆ ሥራሽን ከቀጠልሽ ደግሞ ውሉ የሚታሰበው ከመጀመሪያዋ ቀን ነው።

እንግዲህ ፋብሪካው መቁረጡ ጥፋት አይደለም። የሁለት ወሩን በአንድ ጊዜ መቁረጡስ? እዚህ ላይ ሕጉን አልጣሱም፣ ግን ሰውነት ጎድሏቸዋል። ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው በድምሩ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ያንቺ አንድ ሦስተኛ 3,000 ብር ነው፣ 1,260ው ከዚያ በታች ነው። ሆኖም ቀድመው ቢነግሩሽ ወይም ለሁለት ወር ቢከፋፍሉት ምን ነበረበት? ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ «ከፋፍላችሁ ቁረጡብኝ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ሂሳብ ክፍሉ እሺ ይላል፣ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው።

ከዚህ የበለጠ መጠየቅ ያለብሽ ሌላ ነገር አለ፦ የተቆረጠው ብር በርግጥ ገብቷል ወይ? ከደመወዝ ቆርጦ ለጡረታ ፈንዱ ሳያስገባ የሚያቆይ አሠሪ አለ። የሰው ኃይል ክፍሉን የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ጠይቂ። ቁጥር ከሰጡሽ ጥሩ። «ቆይ፣ በሂደት ላይ ነው» እያሉ ካመላለሱሽ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደሽ በስምሽ ምን እንዳለ አጣሪ። የክፍያ ወረቀቶችሽን አትጣያቸው፣ ስልክሽ ላይም ፎቶ አንሻቸው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። ስድስት ወር ሙከራ የሚባል ነገር የለም። 60 የሥራ ቀን ካለፈ ቋሚ ናት፣ አለቃዋ ምንም ቢል። ደግሞ ሙከራ በጽሑፍ ካልተዋዋሉ ሙከራ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ «ደብዳቤ አለሽ ወይ?» በያት። ከሌላት ከመጀመሪያዋም ቀን ሙከራ ላይ አልነበረችም። ካላትም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ጡረታውን በሚመለከት፣ ከሠራተኛው ሳይቆርጥ የቀረ አሠሪ ክፍያው የራሱ ዕዳ ነው። ይኼን ስትነግሪያት ተሯሩጣ ሄዳ እንዳትጣላ። መጀመሪያ ስድስት ወር መሥራቷን የሚያሳይ ነገር ትሰብስብ፦ ደመወዝ በባንክ ከሆነ የባንክ መግለጫ፣ የፈረቃ ፕሮግራም፣ ባጅ፣ አለቃዋ በቴሌግራም የጻፈላት ሳይቀር።

ብሰናበትስ ላልሽው፦ በሙከራ ጊዜ ሥራው አይሆናትም ብለው ካረጋገጡ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አንቺም ካልተመቸሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥለሽ መውጣት ትችያለሽ። የገባው የጡረታ መዋጮ ግን በጥሬው ተቆጥሮ እጅሽ ላይ አይመለስም፣ በስምሽ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሪ ያንኑ መለያ ቁጥር ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ አገልግሎቱ ከዚያ ይቀጥላል። አዲስ ቁጥር አውጡልኝ እንዳትይ፣ ሁለት ቦታ የተበተነ አገልግሎት በኋላ ማገናኘት ራስ ያዞራል።

ጥያቄ፦ መነሻ ደመወዜ 6,000 ብር ነው። የትራንስፖርትና የቤት አበል 4,000 ይጨመርልኛል። ጡረታ የሚታሰበው ከ10,000 ነው?
ከሞኖፖል ሰፈር

መልስ፦ አይደለም፣ ከመነሻ ደመወዙ ከ6,000 ነው። 420 ብር ይቆረጥብሃል። አሁን ደስ ሊልህ ይችላል። አንዳንድ አሠሪ ደመወዙን አሳንሶ አበሉን የሚያሳብጠው ግን የራሱን 11 ከመቶ ለመቀነስ ነው፣ ላንተ አዝኖ አይደለም። የጡረታ አበል የሚሰላው ጡረታ ከመውጣት በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፣ የትራንስፖርትና የቤት አበሉ እዚያ ውስጥ የለም። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ «በየትኛው ላይ ነው የምትጨምሩልኝ?» ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 57 ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት 8 ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ። አሁን በግል ድርጅት ጥበቃ ነኝ፣ ጡረታ እየከፈልኩ 3 ዓመቴ ነው። ይደመርልኛል ወይስ ያኛው ቀረ?
ከታቦር

መልስ፦ ጋሼ፣ አልቀረም፣ ይደመራል። አሁን 11 ዓመት አለዎት። የዘላቂ አበል መነሻው 10 ዓመት ስለሆነ አልፈውታል። ከ10 ዓመት በታች ሆኖ 60 የሞላው ሰው ግን ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው። እስከ 60 ከሠሩ 14 ይሆንልዎታል። ለ10ሩ ዓመት ከአማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል፣ ድምሩ 35 ከመቶ። ግን ሦስቱን ዓመት እስኪያልቅ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ትምህርት ቤቱ ጋ ይሂዱና የአገልግሎት ማስረጃዎን ያውጡ፣ ማኅደርዎ ከመዝገብ ቤት ሳይጠፋ።