የትኛው ኦ ክፍል ይሻላል? የጎጃም ወላጆች ጥያቄና መልስ

ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ አስተምሬአለሁ። ከዚያ በኋላ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሆኜ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስዞር ኖርኩ። ነሐሴ ሲጋመስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ልጄን የትኛው ጋ ላስመዝግብ?" ዘንድሮ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚሁ መለስኳቸው።

ኦ ክፍል፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ከልጅ ለልጅ ይሉናል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ከተማ ላይ የምታውቁት ነው፤ ብዙው የግል ነው፣ ልጆቹም በየዕድሜያቸው ተከፍለው ይማራሉ። ኦ ክፍል፣ ዜሮ ክፍል የሚሉትም አሉ፣ ከ2002ቱ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተከፈተው ነው። ከልጅ ለልጅ ደግሞ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት ሰብስበው በጨዋታ ፊደልና ቁጥር የሚያስለምዱበት ነው። በአዲሱ ሥርዓት ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ በ5 እና በ6 ዓመት ይማሩና በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ገጠር ስትሄዱ ግን የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ።

ከደምበጫ ገጠር፦ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለን። አንዱ አዲስ ብሎኬት ቤት ነው፣ ግድግዳው በሥዕል አጊጧል። ሌላው የጭቃ ቤት ነው። አዲሱ ይሻላል አይደል መምህርት?

ወንድሜ፣ ሥዕሉ አያታልልህ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሳትናገር ሂድ። ሰኞ አትሂድ፣ ሰኞ ሁሉም ሰልፍ ነው። መጀመሪያ መምህሯ ክፍል ውስጥ መኖሯን እይ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ መምህር በቀረ ቁጥር ዳይሬክተሩ "አንቺ የያዝሽው ሕፃናት ነው፣ ትንሽ ይጫወቱ" እያለ ሦስተኛ ክፍል ይልከኝ ነበር። በሩን ዘግቼባቸው እሄዳለሁ። አንድ ቀን አንዱ በመስኮት ዘሎ ቤቱ ገባ። እናቱ እጁን ይዛ ስትመልሰው ምን ብዬ ልመልስላት? መሬት ዋጠኝ።

ስለዚህ ጠይቅ። መምህሯ ለቅድመ አንደኛ የሠለጠነች ናት ወይስ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ የተቀጠረች? ባትሠለጥንም ልጅ የምትወድ ካገኘህ እግዚአብሔርን አመስግን። ግን ባለፈው ዓመት ስንት መምህር ተቀያየረ? ዓመቱን ሙሉ አንዲት ሴት የያዘችው የጭቃ ቤት፣ በየሁለት ወሩ መምህር ከሚለዋወጥበት ብሎኬት ይሻላል። እኔ እንዲያ ነው የማየው።

ቀጥሎ ሽንት ቤቱን እይ። ቀዳዳው ለትልልቅ ተማሪ የተሠራ ከሆነ ሕፃን ይፈራዋል፤ ፈርቶ ይይዘዋል፣ ወይም ጓሮ ይሄዳል። ከዚያ ወለሉን። ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት? ምንጣፍ ወይም አጎዛ አለ? መጨረሻ ላይ ጥግ ጥጉን ቃኝ። ቆርኪ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ከጭቃ የተሠራ በሬ ካየህ ልጆቹ በእጃቸው እየሠሩ ነው። የፋብሪካ መጫወቻ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎበት ካየህም ገብቶሃል።

የጎረቤቴ ልጅ ከተማ የግል ተምሮ ኤቢሲዲ ይጽፋል። የኔዋ ስትዘፍን ነው የምትውለው።

ትዝፈን። በዚህ ዕድሜ ቆርኪ መቁጠር፣ ባቄላን ከሽምብራ መለየት፣ ጭቃ ማድቦልቦል ጣትን ለእርሳስ ያዘጋጃል። ፊደል ማወቋን ማረጋገጥ ከፈለግሽ ገበታው መሀል ላይ አንዱን ጠቁሚና "ይሄ ማን ነው?" በያት። ከ"ሀ" ተነስታ እየቆጠረች ካልሆነ መድረስ ካቃታት ያወቀችው ዜማውን ነው። የጎረቤትሽንም ልጅ እንዲሁ ፈትኚው፤ ብዙ ጊዜ ያስቃል።

የኔታ ጋ ቢማርስ?

የዋሸራና የዲማ፣ የታወቁት የቤተ ክህነት ትምህርት ቦታዎች፣ አገር ሰው ይህን ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ የኔታ ጋ፣ ጠዋት ኦ ክፍል የሚሄዱ ልጆች ነበሩኝ፤ በቃል ማጥናት ላይ ማንም አይደርስባቸውም። ብዕር አያያዝና ቁጥር ግን ከእኛ ይውሰዱ።

ከዳንግላ፦ ልጃችን የሚያውቀው አዊኛ ብቻ ነው።

በአዊ ዞን አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ስትመዘግቡ ኦ ክፍሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ሁለቱም ካለ አፉን የፈታበትን ምረጡ፤ አማርኛው አይቀርበትም።

ክፍያ አለው?

የመንግሥት ነው፣ የትምህርት ክፍያ የለም። መዋጮ ካለ በወላጅ ስብሰባ የተወሰነ መሆን አለበት። ደረሰኝ ተቀበሉ።

የተሻለው ትምህርት ቤት ከተምጫ ወንዝ ማዶ ነው። ልላከው?

መስከረም ላይ አይሆንም። ወንዙ እስኪጎድል የቅርቡ ይማር። ከጎደለ በኋላም የአምስት ዓመት ልጅ ብቻውን ወንዝ አይሻገርም፤ ከታላላቆቹ ጋር የሚሄድ ከሆነ ብቻ። ታላላቆቹ የፈረቃ ተማሪ ከሆኑ ደግሞ ሲመለስ ማን ይይዘዋል? ይሄን ሳታስቡ የተመዘገበ ልጅ ኅዳር ላይ መኸር ሲደርስ ያቋርጣል። ስንቱን አይቻለሁ።

በግጭቱ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከረመ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ኦ ክፍል ላስገባው?

አታስገቢው እቴ። ከአምስት ዓመት ልጆች መሀል ሲቀመጥ ያፍርና ይቀራል። አንደኛ ክፍል አስመዝግቢው፣ እስከዚያው ማታ ማታ ፊደል አስቆጥሪው። ለአንደኛ ክፍል መምህሩም ኦ ክፍል አለመማሩን በግልጽ ንገሪው፣ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠው። በክረምት ሁለት ወር የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት በየቦታው ነበር፤ በቀበሌሽ ካለ አያምልጠው።

መጀመሪያ ቀን ምን ላስይዘው?

ጭብጦ ወይም ቆሎ፣ ውኃ በትንሽ ፕላስቲክ፣ አንድ ቅያሪ ሱሪ። ሱሪውን አትርሺ።