ፕሮቡ ከእብጠቱ በፊት አብርቷልን?

ውድ ጠያቂ፣ ሃይፖክሎረስ አሲድ (በተቆጣ የሰውነት ክፍል ውስጥ የሚመነጭ ኬሚካል) ሲያገኝ የሚያበራው ፕሮብዎ (መለያ ሞለኪውልዎ) ካራጂናን (ብግነት ለማስነሣት የሚወጋ ንጥረ ነገር) በተወጋ የአይጥ መዳፍ ላይ ደምቆ መታየቱን ገልጸው፣ በመመረቂያ ጽሑፍዎ «ሩማቶይድ አርትራይተስን (የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታን) ቀድሞ ይለያል» ብለው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ስለሆንኩ በግልጽ ልመልስ፦ በዚህ ሙከራ ብቻ አይችሉም።

ካራጂናን መዳፉን በሰዓታት ውስጥ ያሳብጠዋል። ወደ ስፍራው የሚጎርፉት ኒውትሮፊሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ማይሎፐርኦክሲዴዝ በተባለው ኢንዛይም አማካይነት አሲዱን ስለሚያመነጩ ፕሮቡ ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ያሳየው በዓይን የሚታየውን እብጠት ነው። «ቀድሞ» ለማለት ብርሃኑ ከእብጠቱ በፊት መታየት አለበት። ለዚህ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን በመውጋት የሚመጣው አርትራይተስ ይሻላል፤ ዲቢኤ/1 በተባለው የአይጥ ዝርያ ላይ በ21ኛው ቀን ገደማ ሁለተኛው መርፌ ከተሰጠ በኋላ ሕመሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ በየ2 ቀኑ ምስል እያነሡና በዚያው ዕለት የመዳፉን ውፍረት በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) እየለኩ የትኛው እንደቀደመ ማየት ይቻላል። ምስሉን የሚያነበው ሰው የትኞቹ አይጦች ኮላጅን እንደተወጉ ማወቅ የለበትም።

ከዚህ የሚብሰው ችግር የደም ሥሮች ማፍሰስ ነው። በተቆጣ መገጣጠሚያ ውስጥ ማንኛውም ቀለም ይጠራቀማል፤ በሰው እጅ ላይ የሚሞከረው ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው ቀለምም ከየትኛውም ኢንዛይም ጋር ሳይዋሃድ የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከአሲዱ ጋር የማይዋሃድ፣ ሁልጊዜ የሚያበራ ተመሳሳይ ቀለም ለሌሎች አይጦች ይስጡ። በተጨማሪም ማይሎፐርኦክሲዴዝን የሚገታ መድኃኒት ሲሰጥ ብርሃኑ መቀነሱን ያሳዩ። መርፌው ራሱ ስለሚያቆስል በሌላው መዳፍ ሳላይን (የጨው ውሃ) መውጋትም አይዘንጋ።

እኔን ለወራት ያደከመኝ ግን መኖው ነበር። ጤነኛ አይጦቼ ጉልበታቸው አካባቢ ሲያበሩ ስህተቱ የሞለኪውሉ መስሎኝ ደጋግሜ ቀየርኩት፤ ለካስ በመኖው ያለው አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ክሎሮፊል (የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) ስላለበት ከአንጀታቸው የሚወጣው ቀይ ብርሃን፣ 680 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ከሚያበራው ፕሮቤ ጋር እየተደባለቀ ነበር። አልፋልፋ የሌለበት መኖ ከሰጠኋቸው በኋላ ምስሉ ጠራ። የእርስዎም ፕሮብ በቀይ የሚያበራ ከሆነ፣ ምስል ከማንሣትዎ ከ1 ሳምንት በፊት መኖውን ይቀይሩ።

የኮላጅኑን ሙከራ ለመሥራት ጊዜ ከሌለዎት ርዕስዎን «አጣዳፊ ብግነትን በምስል ማሳየት» ብለው ያስተካክሉት፤ ያገኙት ውጤት ለዚያ ይበቃል።