የታሸገ ኖዝል ፈትቶ ቤንዚን መሸጥ በካሊፎርኒያ ያሳስራል?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም የያዝኩት ማደያ አለኝ። ሐሙስ ዕለት የአየር ጥራት ዲስትሪክቱ ኢንስፔክተር መጥቶ የሁለት ኖዝሎች ጎማ ተቀዷል በማለት «አገልግሎት አይሰጥም» የሚል ታግ አሰረባቸው፤ የጥሰት ማስታወቂያም ሰጠኝ። ማደያውን የሚያስተዳድርልኝ የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ መኪና ሲበዛበት ታጉን ፈትቶ እስከ እሑድ ማታ ሸጠባቸው። በየቀኑ መሞላት ያለበት የፍተሻ መዝገብም ለሁለት ሳምንት ባዶ ስለነበር ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ ሞላው። ሁለታችንም ግሪን ካርድ ካገኘን 3 ዓመታችን ነው። መታሰር አለ? ወረቀታችንስ ይነካል?

መልስ፦ የተቀደደው ጎማ ብቻውን ሰው ሲያሳስር አይታይም። እንዲህ ያለው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ተጠግኖ፣ ቅጣቱ ተከፍሎ ይዘጋል። የእርስዎን ጉዳይ ከባድ ያደረገው ቅዳሜና ሰኞ የተሠራው ነው።

የካሊፎርኒያ የጤናና ደኅንነት ሕግ ቅጣቱን በደረጃ ከፍሎታል፤ ደረጃውን የሚወስነው በዋናነት አጥፊው ያውቅ የነበረው ነገር ነው። በአንቀጽ 42400 የዲስትሪክቱን ደንብ ወይም የፈቃዱን ግዴታ የጣሰ ሁሉ፣ ባያውቅም እንኳ፣ ቀላል ወንጀል ፈጽሟል፤ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር፣ እስከ 6 ወር እስር ወይም ሁለቱም ነው። በቸልተኝነት ብክለት የለቀቀ በ42400.1 እስከ 25,000 ዶላርና እስከ 9 ወር ይደርስበታል። የኖዝሉ ጎማ ሊይዘው የሚገባው የቤንዚን ትነት እንደሚያመልጥ አውቆ በተገቢው ጊዜ ያላረመ በ42400.2 እስከ 40,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት፣ ሆን ብሎ የለቀቀ ደግሞ በ42400.3 እስከ 75,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት ይቀጣል። ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲስተካከል ሕጉ ስለሚፈቅድ እነዚህን መነሻ አድርገው ይያዟቸው። ጥሰቱ የቀጠለበት እያንዳንዱ ቀን ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ማለት ሁለት ነው።

ታጉ ከመታሰሩ በፊት «ጎማው መቀደዱን አላየሁም» ማለት ይቻል ነበር። ከታሰረ በኋላ ግን ማደያው በጽሑፍ ተነግሮታል፤ «አላወቅኩም» የሚለው መከላከያ ሐሙስ ላይ አብቅቷል። በዚያ ላይ አንቀጽ 41960.2 በግልጽ እንደሚለው፣ ታግ የተደረገበት ዕቃ ቢጠገንም ዲስትሪክቱ እንደገና ካላየው ወይም እስኪያየው ድረስ እንድትጠቀሙበት በግልጽ ካልፈቀደ መሸጥ ክልክል ነው። ብዙ ባለማደያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቴክኒሻን ጠርቶ ኖዝሉን በአዲስ ያስቀይርና ታጉን በገዛ እጁ ያነሳል። ጥገናው ትክክል ሆኖ ሳለ ሽያጩ ጥሰት ይሆናል። ታግ የማያሰጥ፣ ከተዘረዘሩት ዋና ጉድለቶች ውጭ የሆነ ብልሽት ሲገኝ ግን ያው አንቀጽ 7 ቀን ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕቃው በደንብ እንደሚሠራ ማስረጃ ያቀረበ ተጠያቂ አይሆንም። የእናንተ ከዚህኛው ውስጥ አይገባም።

የመዝገቡ ነገር ከታጉም ይብሳል። ባዶ መዝገብ ተራ የደንብ ጥሰት ነው። ሕግ እንዲያዝ ያዘዘውን ሰነድ ለማታለል አስቦ በሐሰት መሙላት ግን በ42400.2 እንደዚያው እስከ 40,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት ያስቀጣል። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ የ14 ቀን መዝገብ ደግሞ ኢንስፔክተር በቀላሉ ይለየዋል። ሐሙስ ሲመጣ ባዶውን ገጽ ፎቶ አንስቶት ከሆነማ ክርክር የለውም።

ማን ይከሰሳል? ኤልኤልሲው ይቀጣል እንጂ አይታሰርም። የአጎትዎ ልጅ በሠራው በቀጥታ ይጠየቃል። እርስዎ ባለቤትና ፈቃድ ያዥ ስለሆኑ የመጀመሪያው ደረጃ ይመለከትዎታል፤ ወደ ላይኛው የሚያወጣዎት ግን መቼ ያወቁ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ደውሎልዎ «እሺ፣ ሽጥ» ካሉት ጉዳዩ የእርስዎም ነው። ሰኞ ሰምተው ወዲያው ካስቆሙት ሌላ ነው።

ዲስትሪክቱ ራሱ የወንጀል ክስ አይመሠርትም፤ ለካውንቲው አቃቤ ሕግ (ዲስትሪክት አተርኒ) ወይም ለከተማው አቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። አንቀጽ 42400.7 እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፦ ለአንድ ጥፋት የፍትሐ ብሔር ቅጣት ከተከፈለ በዚያው ጥፋት የወንጀል ክስ አይቀርብም። በተቃራኒው የወንጀል ክስ ከተከፈተ የፍትሐ ብሔሩ ይዘጋል። ስለዚህ ፋይሉ ከዲስትሪክቱ ሳይወጣ በስምምነት መጨረስ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ስምምነቱ ሲጻፍ ቀኖቹ፣ ኖዝሎቹና መዝገቡ በስም መጠቀስ አለባቸው፤ ያልተጠቀሰ ጥፋት አልተዘጋም።

አሁን ምን ይደረግ? ሁለቱን ኖዝሎች ዛሬውኑ ያስቁሙ፤ ፓምፑን ከካሸር ኮምፒውተሩ ያስዘጉት፣ ፎቶ ከነሰዓቱ ያንሱ። ጥገናውን ፈቃድ ያለውና በአምራቹ የሠለጠነ ቴክኒሻን ይሥራው። ደረሰኙ ላይ የአሮጌውና የአዲሱ ኖዝል መለያ ቁጥር ይጻፍ፣ የፍተሻው ውጤት ይያያዝ። ከዚያ እንደገና እንዲታይ ዲስትሪክቱን ይጠይቁ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ወይም በኢሜይል እስኪደርስዎ አይሽጡ። ቫሪያንስ የሚባለው የጊዜ ፈቃድ ለወደፊቱ እንጂ ላለፈው ቅዳሜ አይሠራም፤ ዕቃው በቶሎ የማይገኝ ከሆነ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሚሰማው የዲስትሪክቱ ሂሪንግ ቦርድ ማመልከት ይቻላል።

የተሞላውን መዝገብ አይቅደዱ፣ አያስተካክሉ፣ ለማንም አይስጡ፤ እንዳለ በፖስታ አሽገው ለጠበቃ ያስረክቡ። ማስረጃ ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 135 ሌላ ክስ ነው። ደግሞም አያዋጣም፤ የካሸር ሲስተሙ ከየትኛው ፓምፕ በስንት ሰዓት ስንት ጋሎን እንደተሸጠ ይዟል፣ የታንክ መቆጣጠሪያውም አላርሙን መዝግቦታል። የካሜራው ቪዲዮ ግን በራሱ ጊዜ ስለሚደመሰስ አሁኑኑ ያስቀዱት፤ እርስዎ ቅዳሜ ማደያው ውስጥ አለመኖርዎን ያሳይ ይሆናል። ኢንስፔክተሩ ሲመለስ በሩን አይዝጉበት፣ ዕቃውን ይይ። ለጥያቄ ግን «በጠበቃዬ በኩል እመልሳለሁ» ይበሉ። ሠራተኞችን «እንዲህ በሉ» ብሎ ማስጠናት ጨርሶ አይሞከርም።

ወደ ወረቀታችሁ ስንመጣ፣ ተራው የ42400 ጥሰት ማታለል ስለሌለበት ኢሚግሬሽን ላይ ብዙም አያሰጋም። «ለማታለል አስቦ» የሚለው ክስ ግን የሞራል ብልሹነት ወንጀል ሊባል ይችላል። ወደ አገሪቱ በሕግ በገቡ በ5 ዓመት ውስጥ የተፈጸመ እንዲህ ያለ ወንጀል አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ የሚችል ከሆነ ለመባረር ምክንያት ነው። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 18.5 የቀላል ወንጀልን ጣሪያ 364 ቀን ስላደረገው በዚህች አንድ ቀን ትተርፋላችሁ። በተለያየ ድርጊት ሁለት እንዲህ ያሉ ጥፋቶች ከተመዘገቡ ግን ያ መከላከያ አይሠራም። ጠበቃው የክሶቹን ብዛት ከቀጠሮው በላይ መከታተል ያለበት ለዚህ ነው።

ክስ ቢመጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 1001.95 ዳኛው አቃቤ ሕጉ ቢቃወምም እስከ 24 ወር የሚደርስ ዳይቨርዥን፣ ማለትም ክሱን አቆይቶ ሁኔታዎችን የማስፈጸም ዕድል፣ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ጥፋተኛ ነኝ ሳይሉ ሁኔታዎቹን ከፈጸሙ ክሱ ይሰረዛል። «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ቅጣቱን ከፍለህ ተገላገል» የሚል ምክር ከቤተ ዘመድ ቢመጣ አይቀበሉ፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው እዚህ ውስጥ ያለችው አደገኛ ቃል እሷ ናት። ዜግነት ሲያመለክቱም የተሰረዘ ክስ እንኳ ይጠየቃል፣ ሰነዱን ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁ አይቁም። እርስዎን የሚያድነው «አላዘዝኩትም» የሚለው ቃል የአጎትዎን ልጅ ብቻውን ያስቀረዋል፤ እሱን የሚያቀልለት «ባለቤቱ ያውቃል» የሚለው ደግሞ እርስዎን ይከታል። የእሱን ጠበቃ ወጪ ማደያው ሊሸፍን ይችላል፤ ጠበቃው ግን የራሱ ይሁን።